ምስሉን ከመግዛትህ በፊት ወንበርህን ምረጥ

ልጄ፣ የናፖሊዮን ዘመን ጦርነቶችን በትንንሽ ምስለ ወታደሮች መጫወት ልትጀምር መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። «ጋሼ፣ የትኛውን ደንብ ልያዝ? የማንን ምስል ልግዛ?» ያልከኝን ግን በጠየቅኸው ቅደም ተከተል አልመልስልህም፤ ከሁለቱም የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። በዚያ ሜዳ ላይ ማን መሆን ትፈልጋለህ? ጎራዴውን መዝዞ ከወታደሮቹ ፊት የሚሄድ ሻምበል? ብርጌዶቹን የሚያሰልፍ የክፍለ ጦር አዛዥ? ወይስ ኮረብታ ላይ ፈረሱን አቁሞ መላውን ሠራዊት የሚመራው ሰው? ወንበርህን ካወቅህ ደንቡን መምረጥ ይቀልሃል። ደንቡ ሲታወቅ የምስሉ ቁመት ይታወቃል። የየትኛው ፋብሪካ ምስል የሚለው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። እዚህ እንግሊዝ አገር ብዙ ወጣቶች ከመጨረሻው ሲጀምሩ አይቻለሁ። ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል ይማርካቸውና ይገዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ምን እንደሚያደርጉበት የሚያስቡት። ቁም ሳጥኑ ባልተቀባ ወታደር የተሞላ ሰው በየክለቡ አታጣም።

የሻምበሉን ወንበር ከመረጥህ እያንዳንዱ ምስል አንድ ሰው ነው። በእጅህ ያለው ሃምሳ ስልሳ ወታደር፣ ጥቂት መኮንኖች፣ ምናልባትም አንድ መድፍ ነው። የምትዋጋው ለአንድ ድልድይ፣ ለአንድ ወፍጮ ቤት፣ ጥይት ለጫነ ጋሪ ነው። ለዚህ ወንበር ሻርፕ ፕራክቲስ የተባለውን ደንብ እመክርሃለሁ። በዚህ ደንብ እኔ አንድ ጊዜ አንተ አንድ ጊዜ መባባል የለም። የየመኮንኑ ምልክት ከረጢት ውስጥ ይገባና ማን እንደሚንቀሳቀስ የሚወስነው ከከረጢቱ የወጣው ምልክት ነው። ዙሩ ማብቃቱን የሚያውጀው ምልክትም አብሮ እዚያው ከረጢት ውስጥ ስላለ፣ አንዳንድ ጊዜ የተማመንህበት መኮንን ንቅንቅ ሳይል ዙሩ ያልቃል። ጀማሪዎች በዚህ ይናደዳሉ። እኔ ግን እወደዋለሁ፤ በባሩድ ጭስ ውስጥ የቆመ ሻምበል ትእዛዙ በፈለገበት ሰዓት እንደማይደርስ በደንብ ያሳያል። ብዙ ምስል ስለማይጠይቅም አንድ ክረምት የሚቀባ ሰው በቂ ሠራዊት ይኖረዋል።

የመካከለኛው ወንበር ላይ ብዙ ሰው ይቀመጣል። እዚህ ዋናው አካል ሻለቃው ነው፤ አንተም ሻለቃዎችን በብርጌድ አሰባስበህ ታዛለህ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 የወጣው ብላክ ፓውደር ለዚህ የታወቀ ነው። አዛዡ የሚፈልገውን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሁለት ዳይስ ይጥላል፣ እንደ ችሎታው መጠን አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ካልተሳካለት ደግሞ ሻለቃው ባለበት ይቀራል። ብዙ ወዳጆች በትልቅ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሰበሰቡና ሁሉም ደንቡን በደንብ ሳያውቅ ሲቀር ይህን የመሰለ ደንብ የለም። የናፖሊዮንን ዘመን ልዩ ባሕርይ ለሚፈልግ ሰው ግን በጣም ልል ነው። ለዚያ ጄኔራል ዳርሜ ይሻላል። በእሱ የክፍለ ጦር አዛዡ የተቆጠሩ ረዳት መኮንኖች አሉት፤ በየዙሩ ስንቶቹ በእጁ እንዳሉ ዳይሱ ይነግረዋል። ብርጌዶቹ የሚታዘዙበትም የሚያመነቱበትም ጊዜ አለ፤ ያሉህን ጥቂት መኮንኖች ወደሚያመነታው ብርጌድ ትልካለህ ወይስ ጥቃት ላይ ወዳለው? ይህ ምርጫ የክፍለ ጦር አዛዥ በእውነት የሚጨነቅበት ነገር ስለሆነ ከሁሉም ይህን ደንብ አስቀድማለሁ። ላሳልም ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው እትሙ በ2021 ወጥቷል፤ አጭርና ንጹሕ ጨዋታ ለሚወድ ሰው ይስማማል።

ሦስተኛው ወንበር የጦር አዛዡ ነው። እዚህ ላይ ሻለቃ መስመር ሠራ፣ አራት ማዕዘን ሠራ ብለህ መጨነቅ የለብህም፤ ያ የበታቾችህ ሥራ ነው። ብሉኸር የተባለው ደንብ፣ በፕሩሲያዊው ማርሻል ስም የተሰየመው፣ ትንሹ አካሉ ብርጌድ ነው። አንድ ብልሃቱን ልንገርህ። ስንት ትእዛዝ ማስተላለፍ እንደምትችል የሚወስነውን ዳይስ የሚጥለው ባላጋራህ ነው፤ ጥሎም ከአንተ ደብቆ ይይዘዋል። አንተ አንዱን ኮር ስታንቀሳቅስ፣ ሌላውን ስታንቀሳቅስ፣ ድንገት «በቃ፣ አለቀብህ» ይልሃል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር አስቀድመህ ማድረግ ትለምዳለህ። ለዚህ ደንብ በምስል ፋንታ የሚያገለግሉ ካርዶችም አሉ፤ አንድም ወታደር ሳትቀባ የ1815ን የዋተርሎ ዘመቻ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተህ መሞከር ትችላለህ። ያለ ካርድም ቢሆን ካርቶን ቆርጠህ ስም ጽፈህበት ማንኛውንም ደንብ ሞክር። ያልተሞከረ ደንብ ለመጫወት ብሎ ሁለት መቶ ምስል የሚቀባ ሰው ጉልበቱን ይበትናል።

አሁን ወደ ምስሉ ቁመት እንሂድ። በዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አብረን እንሥራ፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ሻጭ አይሠራልህም።

አንድ የፈረንሳይ ሻለቃ ውሰድ። በየካቲት 1808 በወጣው ድንጋጌ ሻለቃው ስድስት ሻምበል፣ በየሻምበሉም 140 ሰው እንዲሆን ተወስኗል፤ በወረቀት 840 ሰው ማለት ነው። ዘመቻ ላይ ግን በሽታውም፣ ርሃቡም፣ ጉዞውም ስለሚቀንሰው 600 ብለን እንያዝ። በሦስት ረድፍ ሲሰለፍ ፊቱ 200 ሰው ይሆናል፤ ለአንድ ሰው 55 ሴንቲ ሜትር ብትሰጠው መስመሩ 110 ሜትር ይረዝማል። ይህን ሻለቃ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር በሆነ 24 ምስሎች፣ በሁለት ረድፍ ብታቆመው ጠረጴዛው ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ይይዛል። እንግዲህ የጠረጴዛህ አንድ ሴንቲ ሜትር በሜዳው ላይ አራት ሜትር ተኩል ገደማ ሆነ ማለት ነው። የዋተርሎ ግንባር አራት ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚህ ስሌት መላውን ጦርነት ለመዘርጋት የሚያስፈልግህ ጠረጴዛ አሥር ሜትር ነው! የማንም ሳሎን አይችለውም።

በስድስት ሚሊ ሜትር ምስል አድርገው። ያው ሻለቃ ስድስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው አንድ መቆሚያ ላይ ይሰፍራል። አንድ ሴንቲ ሜትር 18 ሜትር ይሆንና ዋተርሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ላይ ያርፋል። ሁለት የምግብ ጠረጴዛ ገጥመህ ትጨርሰዋለህ። በ15 ሚሊ ሜትር የሚጫወተው ደግሞ በሁለቱ መካከል ነው፤ አምስት ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሙሉ ዋተርሎን ሳይሆን አንድ ክንፉን ይዋጋል።

ሌላም ነገር አለ። የ28 ሚሊ ሜትሩ ምስል ቁመቱ ሲታይ አንድ ሴንቲ ሜትር ስልሳ ሴንቲ ሜትርን ይወክላል፤ መሬቱ ላይ ግን አራት ሜትር ተኩልን ይወክላል። ሁለቱ አይገናኙም። አንድ ጎኑ ሃምሳ ሜትር የሆነ የገበሬ ግቢ በምስሉ ልክ ከሠራህ ከሰማንያ ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ከሦስት ሻለቃ በላይ ቦታ ይወስድብሃል። በመሬቱ ልክ ግን 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር መሆን ያለበት። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ከ28 ሚሊ ሜትር ምስል ጋር ለትንሽ ምስል የተሠራ ቤት የሚያቆሙት። ዓይን ቶሎ ይለምደዋል፤ ጨዋታውም አይበላሽም። ውድ የሆነውን ትልቅ የእርሻ ቤት አይተህ እጅህ ወደ ኪስህ ከመግባቱ በፊት ይህችን ሒሳብ ሥራ።

ስለዚህ ለሻምበሉ ወንበር 28 ሚሊ ሜትር፤ ፊቱ ይታያል፣ ሰው ይመስላል። ለጦር አዛዡ ስድስት ወይም አሥር ሚሊ ሜትር፤ ሠራዊት ይመስላል። ለክፍለ ጦር አዛዡ 15ም 28ም ያስኬዳል፤ ጠረጴዛህና ዓይንህ ይወስኑ። እኔ ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የ28ቱን ብቻ ነው የምቀባው፤ አንተ ግን ገና ነህ።

ፋብሪካዎቹን ቶሎ ልለፋቸው። በ28 ሚሊ ሜትር የኖቲንግሃሙ ፔሪ ሚኒያቸርስ ዛሬም ቀዳሚ ነው፤ መንትዮቹ ወንድማማቾች አለንና ማይክል ፔሪ የሚቀርጹት ምስል የሰውነት መጠኑ የተስተካከለ፣ አቋሙ ልከኛ ነው። ቪክትሪክስ በፕላስቲክ ጥሩ ሥራ ይሠራል፤ ግን ክንዱን፣ ጭንቅላቱን፣ የጀርባ ቦርሳውን አንድ በአንድ ስትለጥፍ ጊዜ ይፈጅብሃል። ፍሮንት ራንክ ወፍራም ነው፤ ለብሩሽ ምቹ ቢሆንም ከፔሪ ጋር በአንድ ሻለቃ ውስጥ አትቀላቅለው፤ ሻለቃውን ለይተህ አቁማቸው እንጂ። በ15 ሚሊ ሜትር ኤቢ የሚባለውን የሚስተካከል አላየሁም። በአሥር ሚሊ ሜትር ፔንድራከን፣ በስድስት የሼፊልዱ ባከስ አሉ። የ1/72 ለስላሳ ፕላስቲክ ደግሞ ርካሽ ነው፤ ግን ቀለሙ ከሳንጃና ከጠመንጃ ጫፍ ላይ እየተቀረፈ ይወድቃል። በሳሙና ውኃ ካላጠብኸውና ጥሩ የሥር ቀለም ካልሰጠኸው በመጀመሪያው ጨዋታ ታዝናለህ።

አሁን ወደ ደንብ ልመለስ፤ አንድ ደንብ የናፖሊዮንን ዘመን ያውቅ እንደሆነ የምፈትንበት መንገድ አለኝ። ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ።

የመጀመሪያው የመስመርና የዓምድ ነገር ነው። ያንኑ 600 ሰው ፈረንሳዊ ሻለቃ በሁለት ሻምበል ፊት በዓምድ አስገባው። ፊቱ 66 ሰው፣ ወርዱ 36 ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ ዘጠኝ ረድፍ ይሆናል። የፊተኞቹ ሁለት ረድፎች ብቻ ቢተኩሱ 130 ጠመንጃ ነው። ከፊቱ ያለው 600 ሰው የእንግሊዝ ሻለቃ በሁለት ረድፍ ከቆመ መስመሩ 165 ሜትር ይሆናል፤ ሁሉም ጠመንጃ ይተኩሳል። ብዙ ደንብ ጸሐፊዎች ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆሙና «እንግሊዝ ያሸንፋል» ብለው ለእንግሊዝ የዳይስ ጭማሪ ይሰጣሉ። ይህ አይበቃም። የእንግሊዙ አዛዥ ዌሊንግተን ወታደሮቹን ከኮረብታው ጀርባ ነበር የሚያቆመው። በ1810 ቡሳኮ ላይ እንደሆነው ፈረንሳዮቹ ዳገቱን ሲወጡ ከፊታቸው ያለውን በትክክል አያዩም፤ መስመር ለመዘርጋት ጊዜው መቼ እንደሆነ አይታወቃቸውም። ጫፍ ላይ ሲደርሱ ከቅርብ አንድ ተኩስ ይወርድባቸዋል፣ ወዲያው ጩኸትና ሳንጃ ይከተላል። ያሸነፈው ቦታው፣ ርቀቱ፣ ትዕግሥቱና ድንጋጤው በአንድነት ነው። ጥሩ ደንብ ይህን ሁሉ ተጫዋቹ በራሱ እጅ እንዲያደርገው ዕድል ይሰጠዋል፤ ወታደርህን ከኮረብታ ጀርባ ብትሰውር የሚጠቅምህ መሆን አለበት። በዜግነት ብቻ ጭማሪ የሚሰጥ ደንብ ግን ሰነፍ ነው። ደንቡ እግረኛውን በልምዱ፣ በሥልጠናውና በአዛዡ ይለየው፤ አዲስ ምልምል እንግሊዛዊም አዲስ ምልምል ነው።

ሁለተኛው ፈተናዬ የካትር ብራ ውጊያ ነው። ሰኔ 16 ቀን 1815 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከዋተርሎ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ የእንግሊዙ 69ኛ ሬጅመንት ሻለቃ ሰው በሚሰውር ረጅም አጃ መካከል ቆሞ ነበር። ፈረሰኛ እየመጣ መሆኑ ተሰምቶ አራት ማዕዘን መሥራት ጀመረ። ያን ጊዜ ከበላይ አዛዦቹ አንዱ የነበረው የኦሬንጁ ልዑል ወደ መስመር እንዲመለስ አዘዘ። በዚያ መካከል የፈረንሳይ ደረተ ብረት ለባሽ ፈረሰኞች ደረሱበት፤ ሻለቃው ተበተነ፣ አንድ ሰንደቅ ዓላማውም ተማረከ። እንግዲህ የምትይዘውን ደንብ ይህን አሳየኝ በለው። ፈረሰኛው ሲጋልብ እግረኛው ጊዜ አለው ወይስ የለውም የሚለውን በምን ይወስናል? ከፍ ያለ መኮንን ጣልቃ ሲገባ ነገሩ የሚባባስበት መንገድ አለው? አጃው ዓይን ይከልላል? አራት ማዕዘን የሠራ እግረኛስ ከፈረሰኛ ሲድን ለመድፍ ምን ያህል የተጋለጠ ይሆናል? ለእነዚህ መልስ ያለው ደንብ ስንትም ገጽ ይሁን ዋጋ አለው። መልሱን ለማግኘት ሦስት ሠንጠረዥ የሚያስገላብጥህ ከሆነ ግን ተወው፤ ማታ በአራት ሰዓት የተጀመረው የፈረሰኛ ግልቢያ እስከ እኩለ ሌሊት አያልቅም።

ለመጀመሪያ ዘመቻህ ሙሉ ዋተርሎን አትምረጥ፤ እዚያው ካትር ብራን ያዝ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሲጀመር የካትር ብራን መስቀለኛ መንገድ የያዙት ስምንት ሺህ ያህል የኔዘርላንድ ወታደሮች ብቻ ነበሩ፤ የፈረንሳዩ ማርሻል ኔይ በእጥፍ በልጦ መጣባቸው። ከዚያ ብርጌድ በብርጌድ እየደረሰ ማታ ላይ ዌሊንግተን ከሠላሳ ሺህ በላይ ሰው ነበረው። ለአንተ ምን ማለት ነው? ጥቂት ሻለቃ ቀብተህ የውጊያውን መጀመሪያ ትጫወታለህ፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ብርጌድ ስትጨምር ያው ውጊያ አንድ ሰዓት ይራዘምልሃል። የቀባኸው አንድም ምስል ሥራ አይፈታም።

የዘመቻውን ዓመት ሳትወስን ደግሞ ልብሱን መምረጥ አትችልም። ለመደበኛው የፈረንሳይ እግረኛ ሻኮ የተባለው ቀጥ ያለ ቆብ በ1806 ታዘዘለት፤ ከዚያ በፊት በሁለት ጎን የታጠፈውን ባርኔጣ ነበር የሚለብሰው። ስለዚህ የ1805ን አውስተርሊትዝ ስትዋጋ መደበኛ እግረኛህን ሻኮ ማልበስ አይሆንም። በ1812 ደግሞ የባርዲን ደንብ መጣና የኮቱ ጅራት አጠረ፣ ፊቱም እስከ ወገብ ተዘጋ። እንግሊዞችም በዚያው ዓመት ከፊት ከፍ ያለውን አዲሱን ቆብ ደነገጉ፤ በዋተርሎ አብዛኞቹ የለበሱት እሱን ነው። ይህን ሁሉ መከተል ከከበደህ ካፖርት የለበሰ፣ ቆቡን በሸራ የሸፈነ የፈረንሳይ እግረኛ ግዛ። ዘመቻ ላይ የነበረ ወታደር በእውነትም እንዲህ ነበር የሚታየው፤ ከ1807 እስከ 1815 በየትኛውም ሜዳ ብታቆመው የሚቃወምህ የለም።

ሬጅመንት ስትመርጥ ግን የሚያገባህን ምረጥ። ለእኔ 33ኛው ነው። የዮርክሻየር ሰዎች የሚበዙበት ሬጅመንት ነበር፤ ዌሊንግተን ራሱ በወጣትነቱ መርቶታል። በ1815 በጄኔራል ሃልኬት ብርጌድ ውስጥ ሆኖ ካትር ብራ ላይ ፈረሰኛ አንገላቶታል፣ ዋተርሎ ላይም ከ30ኛው፣ ከ69ኛውና ከ73ኛው ጋር ከኮረብታው ጀርባ ቆሟል። ሃምሳ ሦስት ዓመት አልፎ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ይኸው ሬጅመንት ስናድር ጠመንጃ ይዞ የመቅደላን አምባ ወጣ። ቀድመው ግንቡን በመዝለላቸው የቪክቶሪያ መስቀል የተሸለሙት ሁለቱ ከእሱ ነበሩ፤ አንደኛው ከበሮ መቺ ነበር። አጼ ቴዎድሮስ በዚያች ቀን ሞቱ። የሬጅመንቱ ሙዚየም ሃሊፋክስ ውስጥ በባንክፊልድ ሙዚየም ይገኛል። ሂድና እየው። የእነዚህን ሰዎች ቀይ ኮት፣ ቀይ ኮሌታ፣ ነጭ መደብ ላይ ቀይ መስቀል ያለበትን የሬጅመንት ዓላማ ስቀባ ታሪኩ የእኔም እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ ምክንያት ያለው ሰው ሻለቃውን ሳይጨርስ አያስቀምጥም። ኮሌታውም ኮቱም ቀይ ስለሆነ ለጀማሪ እጅ ቀላል መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነው።

እናትህ «በጦርነት ይጫወታል እንዴ?» ማለቷን ሰምቻለሁ። ትክክል ጠይቃለች፤ አትቆጣት። የእኛ ትውልድ ጦርነትን ያወቀው በሬዲዮ ማርሽና በመርዶ ነው። በጠረጴዛው ላይ የምፈልገው ግን ያ ሰው ያን ሰዓት ለምን እንዲህ ወሰነ የሚለውን ነው፤ ምን አየ፣ ምን ተሰወረበት፣ ማን ዘገየበት። ጨዋታው የተወለደውም ለዚህ ነው። የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትዝ የአባቱን የጦር ጨዋታ አሻሽሎ በ1824 ባወጣው ጊዜ ለጦሩ እንዲዳረስ ያደረገው ጄኔራል ሙፍሊንግ ነበር፤ በ1815 በዌሊንግተን ጠቅላይ ሰፈር የፕሩሲያ አገናኝ መኮንን ሆኖ የዋተርሎን ቀን በዓይኑ ያየው ሰው። እናትህንም አንድ ቀን ለንደን ወደሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ውሰዳት። ሻምበል ዊልያም ሳይቦርን ሠርቶ በ1838 ለሕዝብ ያሳየው የዋተርሎ ሞዴል እዚያ አለ፤ ቁመታቸው አሥር ሚሊ ሜትር የሆነ ከ70 ሺህ በላይ ምስሎች፣ ምሽት አንድ ሰዓት ገደማ የንጉሠ ነገሥቱ የናፖሊዮን ዘብ ሲያጠቃ። ስንት ሰው በምን ያህል ጠባብ መሬት ላይ እንደተፋጀ ከዚያ ይበልጥ የሚያሳይ ነገር አላየሁም። የምስል ቁመት ለመወሰንም ይረዳሃል፤ ሠራዊት በሙሉ ሲታይ ምን እንደሚመስል እዚያ ቆመህ ፍረድ።

መቆሚያውን በተመለከተ፣ ሙጫ ከመክፈትህ በፊት አብሮህ ከሚጫወተው ሰው ጋር ተስማማ። ደንቦች ስለ ምስሉ ብዛት ይለያያሉ እንጂ የሚፈልጉት የሁለቱም ወገን ሻለቃ የፊት ስፋት እንዲመሳሰል ነው። በ28 ሚሊ ሜትር አርባ በአርባ ሚሊ ሜትር መቆሚያ ላይ አራት አራት ምስል አድርግ፤ ስድስቱ አንድ ሻለቃ ይሆናሉ። መስመር ስትፈልግ ጎን ለጎን፣ ዓምድ ስትፈልግ ሁለት ሁለቱን ከኋላና ከፊት ትደረድራለህ፤ ለአራት ማዕዘንም ይታጠፍልሃል። ከሥሩ ማግኔት ለጥፍና በብረት ትሪ ላይ አስቀምጠው፤ ሌላ ደንብ ስትሞክር ትሪውን እንጂ ምስሉን አትነቅልም። ለሻርፕ ፕራክቲስ ከሆነ ግን ምስሉን ለየብቻው በክብ መቆሚያ አቁም።

ስትቀባ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት አድርገህ ያዝ፤ ከዚያ ሲበዛ እጅ ይሰለቻል። የፈረንሳዩን ኮት ሰማያዊ በጣም ጥቁር አድርገህ ጀምር፣ ጉብ ጉብ ያለውን ቦታ ብቻ አንሣው። ነጩን የደረት መታጠቂያ በቀጥታ በነጭ አትቀባ፤ በመካከለኛ ግራጫ ቀብተህ ጠርዙን እያስቀረህ ነጩን በላዩ አስኪድ፤ ኮቱና መታጠቂያው ራሳቸው ይለያያሉ። ጊዜህን ለፊት፣ ለዓላማና ለመቆሚያው ሣር ስጥ። በክንድ ርቀት ላይ ዓይን የሚያርፈው እነዚህ ላይ ነው፤ የአዝራሩን ብዛት የሚቆጥር ሰው የለም።

ይህን ሁሉ ከነገርሁህ በኋላ አንድ ነገር ከሁሉም ይበልጣል፤ አጠገብህ ያለው ክለብ ምን ይጫወታል? የምትመርጠው ደንብ የቱንም ያህል ግሩም ቢሆን የሚጫወትልህ ሰው ከሌለ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ቅዳሜ ሂድ፣ ቁጭ ብለህ እይ፣ አንድ ብርጌድ እንዲያውሱህ ጠይቅ፤ በደስታ ነው የሚሰጡህ። በብላክ ፓውደር የሚጫወቱ ከሆነ በእሱ ጀምር። ከዓመት በኋላ ጄኔራል ዳርሜን ወይም ብሉኸርን ይዘህ ብትቀርብ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም፤ ሌላው ቢቀር እኔ አለሁ።

ስትመጣ ቀለም አትግዛ፤ ቀዩ፣ ሰማያዊው፣ ግራጫውና ቆዳ መሳዩ እኔ ዘንድ አለ። ከአንተ የምፈልገው አንድ ጥሩ ብሩሽና አዲስ ነጭ ቀለም ነው፤ ነጭ ጠርሙሱ ውስጥ ሲቆይ ስለሚጓጉል የእኔው አያገለግልም።